ዝርዝራችሁ ውስጥ ባና የለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ማሽን ውስጥ የማይገቡ ልብሶች ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንዷ ደንበኛዬ ቆርጣ አምጥታልኝ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር፣ ሶስት ቀን ቆየና በአራተኛው አነሳሁት። ውሸት ሆኖ አይደለም፣ ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ካሽሚር ይላል፣ የሐር ፒጃማ ይላል፣ የመዋኛ ልብስ ይላል። እስቲ አሁን እኛ ከተማ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ገመድ ላይ ያደረ ሱሪ በውርጭ እንደ ጣውላ ድርቅ ብሎ በሚገኝበት አገር፣ ማነው የመዋኛ ልብስ ተሸክሞ ላውንደሪ የሚመጣው? ባና የለም። ጋቢ የለም። በርኖስ የለም፣ አጎዛ የለም። የሌላ ሰው ቁም ሳጥን ከፍታችሁ የጻፋችሁት ነው የመሰለኝ፣ አትቀየሙኝ።

እኔ እዚሁ ትንሽ ላውንደሪ አለችኝ። ሁለት ማሽን፣ አንዱ 7 ኪሎ አንዱ 10 ኪሎ፣ አንድ ካውያ፣ አንዲት የምታግዘኝ ልጅ፣ በቃ። ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ፋብሪካ የሚሰሩ ወጣቶች፣ ከገጠር ለገበያ ሲወጡ ጎራ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ማሽን ውስጥ ምን እንደማይገባ የተማርኩት እያበላሸሁ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝና ከዛ ወደናንተ እመጣለሁ።

አንድ የመንዝ አባት ልጃቸው ጋ ከርመው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ባና ይዘውልኝ መጡ። ጥቁር የበግ ጠጉር፣ ከባድ፣ ሟች ባለቤታቸው የፈተሉት ነው። ላውንደሪ ይግባ ያለችው ልጃቸው ነች፣ ጭስ ጭስ ይላል ብላ፣ እሳቸውማ ልባቸው አልነበረበትም፣ እየሰጡኝ ራሱ እጃቸው አይለቀውም ነበር። እኔ ደግሞ ማሽኑ ላይ የሱፍ የሚል ፕሮግራም እንዳለ እያወቅኩ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያጥበው፣ የስንት ዘመን የጎጆ ጭስ እንዴት ያስለቅቃል አልኩና 60 ዲግሪ ላይ አደረግኩት፣ ዱቄት ሳሙናውንም ሳልሰስት ሞጀርኩበት። ስከፍተው መጀመሪያ የሌላ ሰው እቃ ያወጣሁ ነው የመሰለኝ። ሁለት ሰው ሲያለብስ የነበረ ባና የህጻን ማዘያ አክሎ ወጣ፣ ወፍራም ሆኗል፣ ድርቅ ብሏል፣ ብትስበው አይሳብም፣ ክሩ ከክሩ አይለይም።

አባባ ሊወስዱ ሲመጡ ዘርግቼ አሳየኋቸው። "ልጄ ተቀያይሮብሽ ነው፣ ይሄ የኔ አይደለም" አሉኝ ረጋ ብለው። እኔ ምን ልበል። ከዛ ጠርዙን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ ባለቤታቸው ምልክት ብለው የሰፏትን ቀይ ክር አገኟት። ዝም አሉ። ቆየት ብለው "እሷ እኮ አታጥበውም ነበር፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በዱላ ታራግፈዋለች፣ በቃ" አሉኝ። ዋጋውን ልክፈልዎት አባቴ ብላቸው "ማን ይፈትለዋል ብለሽ ነው የምትከፍይኝ" ብለው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። በኋላ ልጃቸውን አግኝቻት ምን አደረጉት ስላት ለበቅሏቸው ኮርቻ ስር አድርገውታል፣ እንደሱ ጀርባዋን የማይልጣት ነገር አላገኘሁም ይላሉ አለችኝ። ይሄን ስሰማ ይሳቅ ይለቀስ አላወቅኩም።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት። የበግ ጠጉር ለዓይን ልስልስ ይመስላል እንጂ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዷ ጠጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ብድግ ይላል፣ ከዛ ማሽኑ ሲያገላብጠው አንዱ ካንዱ እየተጠላለፈ ይቆላለፋል፣ ከተቆላለፈ በኋላ ደግሞ መፍቻ የለውም። ባርኔጣ የሚሰሩ ሰዎች ሆን ብለው የሚያደርጉት ነገር ነው፣ እኔ ሳላስበው ባርኔጣ ሰራሁ ማለት ነው። ሳሙናውም የራሱ ጥፋት አለው። ኢንዛይም ያለው ዱቄት ሳሙና የደምና የወተት እድፍ የሚያስለቅቀው ፕሮቲን እየበላ ነው፣ የበግ ጠጉር ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው፣ ስለዚህ እድፉንና ልብሱን ለይቶ አያውቅም። በረኪናማ ጭራሽ አይነሳ። ትንሽ የበግ ጠጉር ብርጭቆ ላይ አድርጋችሁ በረኪና አፍሱበትና ነገ ጠዋት ፈልጉት፣ ሟሙቶ ነው የምታገኙት።

የሱፍ ፕሮግራሙን ብጠቀምስ ኖሮ? ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ማሽን ይችላል ተብሎ የሚሸጠው ሹራብ ፋብሪካ እያለ ቅርፊቱ በኬሚካል ተስተካክሎለት ነው የሚወጣው፣ ፕሮግራሙም የታሰበው ለሱ ነው። የመንዝ ባና ከበጉ ጀርባ ወደ እንዝርት፣ ከእንዝርት ወደ ሸማኔ ነው፣ መሀል ላይ ምንም ኬሚካል አላየም። እኔ አሁን ባናም ዝተትም በርኖስም አልቀበልም፣ ሰው ይዞ ሲመጣ አባባ ያሉኝን ነው የምነግረው፣ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ አራግፉ፣ አንድ ቦታ ብቻ ከቆሸሸ እዛችው ቦታ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ነካ ነካ አድርጉ። ጠጉር በአየር ብቻ ሽታውን ይለቃል፣ እንደ ጥጥ በየሳምንቱ መታጠብ አይፈልግም።

ወደ ጋቢ ልምጣ፣ ብር የማጣው በሱ ነውና። እምቢ የምለው ሰው ሁሉ "ጥጥ አይደለም እንዴ፣ ቲሸርትም ጥጥ ነው" ይለኛል። ጥጥስ ጥጥ ነው። ግን የቲሸርቱ ክር ፋብሪካ ውስጥ ጥብቅ ተደርጎ የተጠመዘዘ ነው፣ የፈትል ጋቢ ማጉ ሴት ልጅ በእንዝርት አለስልሳ የፈተለችው ነው፣ የሚሞቀውም ለዚህ ነው፣ አየር ይዞ ይቀመጣል። ማሽን ውስጥ ሌላ ነገር ጋ ሲፋተግ ክሩ ይሳባል፣ ይጓጉላል፣ ዘርፉ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል፣ ዚፕ ያለው ጃኬት አብሮት ከገባ ደግሞ አለቀለት። ሁለተኛ ክብደቱ ነው። ማሽን 7 ኪሎ ሲባል የደረቅ ልብስ ኪሎ ነው፣ አራት እጥፍ ጋቢ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። አንድ ጎን ላይ ተጠቅልሎ ይተኛና ማሽኑ በደቂቃ 1200 ጊዜ ልዙር ሲል ሚዛን አጥቶ ይደበድባል። አንድ ቀን የኔ 7 ኪሎው ከግድግዳው ተነስቶ እየዘለለ በሩ ጋ ሲደርስ አጋዤ ልጅ በስመ አብ ብላ ወጥታ ሮጠች፣ እውነቷን ነው፣ ያስፈራል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሚዛን ሲያጡ ራሳቸው ይቆማሉ፣ ያኔ ደግሞ ውሃ የጠጣ ጋቢ ይዛችሁ መቅረት ነው።

እናቴ ጋቢና ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። እንዶድ ስል የድሮ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ከታች በኩል የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በሱ ነው፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት የተሸለሙትም በዚሁ ስራ ነው። ጥጥ ያነጣል ክር አይጎዳም፣ እኔም ለነጠላ እሱን እመርጣለሁ፣ በእጅ ሲሆን ግን። አንዷ ደንበኛዬ ቤቷ ማሽን ገዝታ እንዶድ ጨመረችበትና አረፋው በሳሙና ማስቀመጫው በኩል እየተንፎለፎለ ሲወጣ ደወለችልኝ። በእጅ ለማጠብ የተሰራው ዱቄት ሳሙናም (እኛ ሁሉንም ኦሞ ነው የምንለው) ከፊት የሚከፈት ማሽን ውስጥ እንደዛው ነው፣ አረፋ ሲበዛ ልብሱ አይፋተግም፣ ውሃውም በደንብ አይወጣም፣ ማሽኑ ይቆማል። አረፋ የበዛለት ልብስ ጸዳ የሚለው ሀሳብ ከበሬሳ ወንዝ ዳር ይዘነው የመጣነው ነው መሰለኝ። ሌላ ደግሞ እኛ ጋ ቀዝቃዛ ውሃ ሲባል የምር ቀዝቃዛ ነው፣ ዱቄቱ አይሟሟም፣ ጥቁር ሱሪ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ቀድሞ በትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ በጥብጦ መጨመር ነው።

ጥር ላይ ደግሞ የሀበሻ ቀሚስ ሰሞን ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ ለጥምቀት የሆነውም ጥር 13 እኔ ጋ መጥቶ ሊበጣጠስ ይሰለፋል። የቀሚሱ ዋና ጠላት ጥለቱ ነው። ነጩ ሸማ ምንም አይልም፣ ጥለቱ ላይ ያለው ቀይና አረንጓዴ ግን ቀለም ይለቃል፣ ያውም ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይብሳል። እና መሀል ላይ መብራት ይሄድላችኋል። በሩ ተቆልፏል፣ ቀሚሱ ውሃው ውስጥ ተኝቷል፣ ጥለቱ ነጩ ላይ ተጋድሟል፣ እናንተ በመስታወቱ እያያችሁ ነው። ይሄ ደርሶብኝ ያውቃል፣ ሮዝ የሆነ ነጠላ እስካሁን ቤቴ አለ፣ አዲስ ገዝቼ ነው የተካሁላት። ከዛ ወዲህ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ጥለቱ ላይ ጫን አደርጋለሁ፣ ቀለም ከነካው በእጅ፣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይወጣል፣ አይዘፈዘፍም። ሲጨመቅ አይጠመዘዝም፣ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይጠቀለልና ይጫናል። ጋቢ ነጩ ፀሐይ ይውደድ፣ ጥለት ያለው ጥላ ላይ ይሰጣ። ስለ ቄሶች ጥምጥም ብዙ አልልም፣ ያን የሚያክል ርዝመት ማሽን ውስጥ ምን እንደሚሆን ገምቱት፣ እኔ አንዴ በመቀስ ልፈታው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አጎዛም ይዘው ይመጣሉ፣ በተለይ ሹፌሮች፣ ወንበራቸው ላይ የሚያነጥፉትን። ጠጉሩ ብቻ ቢሆን ያው እንደ ባናው ነው፣ ከስር ያለው ቆዳ ግን በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፣ ሲደርቅ እንደ ቋንጣ ይሆናል። ሌዘር ጃኬትም እንደዛው። ሙሉ ልብስ ደግሞ አለላችሁ፣ ሚዜ የሆነ ልጅ የተከራየውን ኮት እቤቱ ማሽን ውስጥ ከቶት ደረቱ ጋ አረፋ አረፋ ሰርቶ አመጣልኝና አስተካክይልኝ አለኝ፣ ውስጡ ያለው ጨርቅ በሙጫ ነው የተለጠፈው፣ ሙጫው ከለቀቀ ካውያ አይመልሰውም አልኩት፣ አላመነኝም፣ ሌላ ጋ ሄደ።

ይሄኛውን ግን ትልቅ አድርጋችሁ አትሙልኝ። ከተማችን የደሴ መንገድ ላይ ነች፣ ጋራዥ ብዙ ነው፣ ቤንዚን የነካው ቱታ በየቀኑ ይመጣል። ቤንዚን የሸተተ ልብስ ማሽን ውስጥ አይገባም። እንፋሎቱ ከበሮው ውስጥ ይታፈናል፣ ማሽኑ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፣ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል፣ ማድረቂያ ማሽን ላይ ሲሆን ደግሞ ሙቀት ይጨመርበታል። ሁለት ጊዜ ስላጠብነው ለቀቀ ማለትም አይቻልም። ላምባም ቀለም ማቅጠኛም ያው ነው። ውጪ ሜዳ ላይ፣ ከእሳት ርቆ፣ ሽታው እስኪጠፋ ይሰቀል፣ ከዛ በእጅ ይታጠብ። አንዱ መካኒክ "ላንቺ ብር እየሰጠሁሽ ሽታ ትመርጫለሽ" ብሎ ተቆጥቶኝ ሄዷል፣ ይሂድ።

ዝናብ ልብስም አልነካም። ውሃ አላስገባም ያለ ነገር ውሃ አላስወጣም ማለቱ ነው፣ ማሽኑ ሲጨምቅ ውስጡ ውሃ እንደ ፊኛ ይዞ ይቀርና ድንገት ሲለቀው ማሽኑን ያናጋዋል። ጡት መያዣ ሽቦ ያለው ከሆነ ትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ ቋጥሩት፣ ሽቦዋ ከወጣች የከበሮው ቀዳዳ ውስጥ ነው የምትገባው፣ ማሽን ሰሪው ፈትቶ እሷን ለማውጣት ያስከፈለኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከሱቅ የተገዛ ሹራብ አንገቱ ጋ ምልክት አለው። ባልዲ ውስጥ እጅ የገባበት ስዕል በእጅ ታጠብ ነው (አንዱ ደንበኛዬ ሰላምታ ነው ብሎኛል)፣ ባልዲው ኤክስ ካለበት ውሃ አይንካው ነው፣ ሶስት ማዕዘኑ ኤክስ ካለበት በረኪና አይንካው ነው፣ ክቡ ለድራይ ክሊን ነው። የኛ ልብስ ምንም ምልክት የለውም። ድሮ አያስፈልገውም ነበር፣ የፈተለችውም የምታጥበውም አንድ ቤት ነበሩ፣ እንዴት እንደሚያዝ የምታውቀው ሴትዮ ራሷ ነበረች ምልክቱ። አሁን ፈታይዋ መንዝ ነች፣ ሻጩ ደብረ ብርሃን ነው፣ ለባሹ አዲስ አበባ ወይ አሜሪካ ነው፣ አጣቢው ደግሞ እንደኔ አይነት ቁልፍ ተጫኝ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ጋቢ ገዝተንላት ሄዳ እዛ አጥባ ማድረቂያ ውስጥ ከታው "ጋቢው ለካ ጥራት የለውም፣ አጠረብኝ" ብላ ደወለች። ጥራት የለውም! ሸማኔው ይሄን ቢሰማ።

ስለዚህ ጋቢና ባና የምትሸጡ፣ በማህበር የምትሰሩም፣ ትንሽ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ስፉበት። በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ይሄን ጻፉበት። ባናው ላይ ደግሞ አይታጠብም፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል በሉ። የምታወጡት ብር የክርና የመርፌ ነው። ጋዜጣችሁም ዝርዝሩን ድጋሚ ያውጣው፣ ካሽሚሩን አታውጡት፣ ይኑር፣ ለሚለብሰው ይጠቅመዋል፣ ግን ከላዩ ባና፣ በርኖስ፣ ጋቢ፣ ጥለት ያለው ቀሚስ፣ አጎዛ፣ ቤንዚን የነካው ቱታ ብላችሁ ጀምሩ። ካወጣችሁት ግድግዳው ላይ ቦታው አሁንም ክፍት ነው፣ ፕላስተሩም እንዳለ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ላውንደሪ የምሰራ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

ረስቼ፣ ሁለት ነገር ጨምሩልኝ። ፓምፐርስ ከልብስ ጋር ተደባልቆ ማሽን ውስጥ ከገባባችሁ (ወላድ ሁሉ ይደርስባታል፣ አትፈሩ) ውስጡ ያለው ነገር ውሃ ጠጥቶ እንደ ጄል ያብጥና ልብሱ ላይ ሁሉ ይለጠፋል፣ ድጋሚ ውሃ አታስገቡበት፣ ልብሱን አድርቃችሁ ውጪ አራግፉት፣ የቀረውን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ አስነኩት፣ ጨው ውሃውን ያስለቅቀዋል። ሌላው ቆሎ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ ፈትሹ። የገብስ ቆሎ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ከማሽኑ ስር በፊት በኩል ባለችው ክብ ክዳን ውስጥ ነው የሚከማቸው፣ ማጣሪያው እሱ ነው፣ በየወሩ ክፈቱት፣ ከስሩ ጎድጓዳ ሰሃን አድርጋችሁ፣ ውሃ ይፈሳልና። እኔ ባለፈው ስከፍት አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም፣ አንድ ቁልፍ አገኘሁ። ቁልፉ የጠፋበት ሰው መጥቶ ይውሰድ።